በየመስከረሙ የምምለውን ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት ልፈጽመው? (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ)

የጦሳ ሥር
እሑድ መጋቢት 28 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት መድኃኔዓለም አስቀደስኩ። እንደምታውቁት የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ፣ ኒቆዲሞስ ነው። ወንጌሉ ሲነበብ ያ የአይሁድ አለቃ በሌሊት መጥቶ ጌታን የጠየቀው ነገር ልቤ ላይ ተቀመጠ፤ «ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ሊወለድ ይችላል? ሁለተኛ ወደ እናቱ ማኅፀን ገብቶ ይወለድ ዘንድ ይችላልን?» ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ቃል ነው። ዘንድሮ ግን «እናቱ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለኝ። ከሦስት ዓመት በላይ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ደጃፍ ሲደርስ እኔ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። እናታችን አልሄድም አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በመጨረሻ ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ወጣሁ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲጎርፍ እሱ የሐረጎን ዳገት በእግሩ ወደ ላይ ወጣ። ያን ክፉ ወር ከእሷ ጋር አሳለፈ። እኔ የተመለስኩት ኅዳር መጨረሻ ከተማው ሲረጋጋ ነው። እናታችን ጥር ላይ አረፈች። ስኳር ነበረባት፤ መድኃኒቷ በዚያ ወር ተቋርጧል።

የአርባዋ ዕለት ወንድሜ በዕድርተኛው ፊት ብድግ ብሎ «ጥለሃት የሄድክ አንተ ነህ፤ ዛሬ ድንኳን ብትተክል ምን ይጠቅማታል?» አለኝ። እኔም መለስኩለት። የመለስኩት ቃል እዚህ አይጻፍም። ወንድም ጋሼ እያልኩ ያደግኩትን ሰው በስሙ እንኳ አልጠራሁትም።

ከዚያ ወዲህ በየመስከረም አንድ ጎህ ሲቀድ እምላለሁ፤ «ክረምቱ አለፈ፣ አደይዋ ፈካች፣ ዘንድሮ እወርዳለሁ።» 2015፣ 2016፣ 2017፤ ሦስት እንቁጣጣሽ። ደመራው ይለኮሳል፣ የግሸን ተጓዥ በከተማችን አልፎ ሄዶ ይመለሳል፣ አበባው ይረግፋል፣ እኔ እዚሁ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ነኝ። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አገር አይደለም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሰው እንደ ምድር የሚታደስበት ወቅት አለው? መስከረም አመለጠኝ ብዬ ሌላ መስከረም ልጠብቅ? ወይስ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ምሎ ካልፈጸመ ነገሩ አብቅቷል?

ኮምቦልቻ በር
እሑድ መጋቢት 28፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ እናትህን ነፍሷን ያሳርፍልህ። እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ፤ በሥርዓቱ ብንለያይም ዮሐንስ 3ን ሁለታችንም አንድ መጽሐፍ ላይ ነው የምናነበው።

ወቅት አትጠብቅ። ሰቆቃወ ኤርምያስ 3 ላይ የጌታ ምሕረት ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው ይላል፤ በየመስከረሙ አላለም። ያ ቃል የተጻፈው ደግሞ ኢየሩሳሌም ፈርሳ፣ ሕዝቡ ተማርኮ፣ ለቅሶ ላይ ነው። አበባ በፈካበት ቀን የተጻፈ ቢሆን ኖሮ እኔም እንዲህ አልይዘውም ነበር። ከ2014 በኋላ ይህን ምዕራፍ እንዴት እንዳነበብነው ኮምቦልቻም ደሴም የነበረ ሰው ያውቀዋል።

«ማንም በክርስቶስ ቢሆን አዲስ ፍጥረት ነው፤ አሮጌው ነገር አልፎአል» ነው የሚለው 2ኛ ቆሮንቶስ 5፡17። ነገ ተነሥተህ ውረድ። የድሮውን ምንም አታንሣ፤ ዛሬ እንደተገናኛችሁ ሆናችሁ ጀምሩ።

ዲያቆን ዘሐይቅ
ሰኞ መጋቢት 29፣ ከጠዋቱ 1፡10

ወንድማችን የጦሳ ሥር፣ «መስከረም አመለጠኝ» ያልከውን አነበብኩና ሳልጽፍልህ ወደ ሥራ መሄድ አልቻልኩም። ምክንያቱም የጻፍክበትን ቀን አላስተዋልከውም።

አብዛኞቻችን ጸደይ ስንል መስከረምን ማለታችን ነው፤ ዘፈኑም ካርዱም እንደዚያ አስለምዶናል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ግን መስከረም እስከ 25 ድረስ ገና ዘመነ ክረምት ነው፤ አበባውም በዘመነ መጸው ይቆጠራል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ደግሞ ዘመነ ጽጌ ይባላል። ዘመነ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። ገበሬው በልግ ከሚለው ወቅት ጋር ይገናኛል። ስለዚህ አንተ ጥያቄህን የጻፍከው ጸደይ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው።

አሁን ልብ በል። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በታች አትወርድም፣ ከሚያዝያ 30 በላይ አትወጣም። የጸደይ መግቢያና የትንሣኤ የመጨረሻ ዝቅታ አንድ ቀን ናቸው! ጸደይ ሳይገባ ፋሲካ ሆኖ አያውቅም። ይህን ቀመር ያቆየልን የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው፤ እሱም ከመሾሙ በፊት የወይን አትክልት ሠራተኛ እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። ቀመሩን የአፈር ሰው እጅ እንደነካው ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ትናንት በስቲያ፣ መጋቢት 27፣ ጥንተ ስቅለት፣ ጌታ የተሰቀለበት ቀን ነበር። ዛሬ መጋቢት 29 ደግሞ አበው ጥንተ ፍጥረት ይሉታል፤ ዓለም መፈጠር የጀመረበት፣ ጌታ በእመቤታችን ማኅፀን የተፀነሰበት፣ ጥንተ ትንሣኤም የዋለበት ቀን ነው። ፍጥረት፣ ፅንሰት፣ ትንሣኤ በአንድ ቀን። ኒቆዲሞስ «ወደ እናቱ ማኅፀን?» ብሎ የጠየቀውን ትናንት ሰምተህ ዛሬ የማኅፀኑ በዓል ላይ ተነሣህ። እኔ ይህን እንዲያው ነው ብዬ ማለፍ አልችልም።

እህታችን ኮምቦልቻ በር ስለ ማለዳው ምሕረት የጻፈችው ልክ ነው። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ንስሐ ግን በየቀኑ ደጁ ክፍት ነው። የንስሐ አባትህን አነጋግር፤ ሦስት ጊዜ ምለህ አለመፈጸምህንም ጨምረህ ተናገር። መሐላው ራሱ አንድ ሸክም ነውና።

የደጋ ገብስ
ሰኞ መጋቢት 29፣ ከቀኑ 7፡30

የዲያቆንን ጽሑፍ አይቼ ገባሁ። በግብርና ሥራ ላይ ነው ያለሁት፤ የምዞረው ደሴ ዙሪያና ኩታበር ነው።

በእኛ ደጋ የገበሬው ዓመት በአንድ መስከረም አይቆምም። የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል በሚመጣው እርጥብ ነፋስ ይዘንባል። ደጋው ላይ የበልግ ገብስ ጥርና የካቲት ተዘርቶ ሰኔ ላይ ይታጨዳል። ወደ ታች፣ ወደ ቃሉ ወረዳ ደግሞ ማሽላ የሚዘራው በዚሁ በበልጉ እርጥበት ነው። በልግ ከቀረ ደጋው ምርት ያጣል፣ ቆላውም ማሽላውን በጊዜው አይዘራም። በልግ ደግሞ የማይታመን ዝናብ ነው፤ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ወሎ ውስጥ ያደገ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ለወንድማችን የምነግረው ግን ስለ ዘሩ ነው። ከተሜ «አዲስ ዘር» ሲባል ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። ገበሬው ከአምናው ምርት ወፍራም ወፍራሙን መርጦ ለብቻው ያስቀምጣል። ጎተራው ቢራቆት፣ ልጆቹ ቢራቡ ያን አይነካም። በ1966ቱና በ1977ቱ ረኃብ ዘሩን የበላ ቤት እንዴት እንደፈረሰ አባቶቻችን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ምግብ ያለቀበት ሰው ይለምናል፣ ይበደራል፤ ዘሩን የበላ ሰው ግን ዝናብ ቢመጣለትም የሚበትነው የለውም።

ስለዚህ «የድሮውን አታንሣ» ከተባለው ጋር አልስማማም፣ ይቅርታ እህቴ። አንተና ወንድምህ የሚዘራ ነገር ካላችሁ ያው ከድሮው የተረፈው ነው፤ እናታችሁ፣ አብራችሁ ያደጋችሁበት ቤት፣ ያ ክፉ ወርም ሳይቀር። ከየትም ሌላ ዘር አታመጡም።

ሐረጎ ኩርባ
ሰኞ መጋቢት 29፣ ከምሽቱ 2፡45

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ጽፋችኋል። እኔ ግን ይህን ነገር ከሌላው ወገን አውቀዋለሁና ልናገር።

አባቴ በየፋሲካው እናቴን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ እያለቀሰ። እውነቱን ነበር የሚያለቅሰው፤ እኔ ልጅ ሆኜ እንኳ ውሸት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ሰኔ ሳይደርስ ግን እጁን ያነሣባታል። በሚቀጥለው ፋሲካ እንደገና። እናቴ ሃያ አንድ ፋሲካ ይቅር አለችው። እኔ ከዚያ ቤት ስወጣ «አዲስ ሕይወት» የሚለው ቃል ያመኝ ነበር፤ አሁንም ያመኛል።

ትንሣኤን አምናለሁ። ሰው በበዓል ቀን ልቡ ሲለሰልስ የሚናገረውን ግን አላምንም። የጦሳ ሥር፣ ወንድምህ ካንተ የተበደለውን አንተ አታውቀውም። ሄደህ አንተ ቀለል ብሎህ፣ እሱ ቁስሉ ተነካክቶ እንዲቀር እፈራለሁ። እስቲ መጀመሪያ አስብ፤ የምትሄደው ለእሱ ነው ወይስ አንተ እንቅልፍ እንዲወስድህ?

እማማ ከሰኞ ገበያ
ማክሰኞ መጋቢት 30፣ ከጠዋቱ 4፡00

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ እኔ እናገራለሁ እሷ ትጽፋለች።

መጀመሪያ ላንቺ፣ ሐረጎ ኩርባ። ልጄ፣ እውነት ተናገርሽ። መጥምቁ ዮሐንስ እኮ ለመጡት ሁሉ «ለንስሐ የሚገባ ፍሬ አድርጉ» ነው ያላቸው፤ አልቅሱ አላላቸውም። ዘኬዎስም ዛፍ ላይ ወጥቶ ጌታን አየ ብቻ አይደለም፤ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነው መዳን ለቤቱ የሆነው። አባትሽን ይቅር በይው ብዬ እዚህ አላስጨንቅሽም። እናትሽ ሃያ አንዱን ዓመት ብቻዋን ስለተሸከመችው እኔ ዛሬ አለቅስላታለሁ።

አሁን ላንተ፣ የጦሳ ሥር። የሚቀጥለው እሑድ ሆሣዕና ነው። ከዚያ ወዲያ ሕማማት ይገባል፤ ይሁዳ ጌታን በመሳም ሸጦታልና በዚያ ሳምንት ክርስቲያን አይሳሳምም፣ እጅም አይጨባበጥም። ታላቅ ወንድምህ ቤት ሄደህ ጉልበቱን ስመህ መነሣት ከፈለግክ ያለህ አምስት ቀን ነው። ቀኑን ቆጥሬ ሰጠሁህ፤ እንግዲህ አላወቅኩም ማለት የለም።

የምትናገረውን ደግሞ ልንገርህ። ያቺ ልጅ የድሮውን አታንሣ አለችህ፣ ያ የገበሬ ልጅ አንሣ አለህ። እኔ የማስበው ስለ ቶማስ ነው። ጌታ ከተነሣ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ዘንድ ሲገባ ገላው አዲስ ነው፤ በር ተዘግቶ ይገባል፤ ሞት አያገኘውም። የችንካሩ ቀዳዳ ግን እጁ ላይ አለ። ሊያጠፋው ይችል ነበር፣ አይደለም? ጎኑን ገልጦ «እጅህን አምጣ» አለው። ሰላም ለእናንተ ይሁን ያለውም ቁስሉን እያሳየ ነው። እኔ ይህን እያሰብኩ ነው ባሌንና ሁለት ልጆቼን ቀብሬ እስከ ዛሬ የኖርኩት። ቁስልህን ደብቀህ አትሂድ። የእሱንም እንዲያሳይህ ጠብቅ። ሲያሳይህ ፊትህን አታዙር።

ሐረጎ ኩርባ
ማክሰኞ መጋቢት 30፣ ከቀኑ 6፡15

እማማ፣ ስለ እናቴ ስላሉት እግዜር ይስጥልኝ። ማንም እንዲህ ብሎልኝ አያውቅም።

ኮምቦልቻ በር
ማክሰኞ መጋቢት 30፣ ከምሽቱ 1፡30

የደጋ ገብስ፣ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግህም። የእማማን ካነበብኩ በኋላ ዮሐንስ 20ን ገልጬ ቁጭ ብዬ ነበር። «አታንሣ» ያልኩት የእኔ ፍርሃት ይመስለኛል። በቤታችን ነገር ሲነሣ ሁሌ ጠብ ስለነበር ሳይነሣ ማለፍ ሰላም ይመስለኝ ነበር። ቃሉን አልመልስም፤ አዲስ ፍጥረት የሚለው እውነት ነው። ምክሬን ግን እመልሳለሁ።

የጦሳ ሥር
እሑድ ሚያዝያ 5፣ ከምሽቱ 2፡00

አልሄድኩም።

ረቡዕ ለመሄድ ተነሥቼ መናኸሪያ ደረስኩ፤ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪወጣ ቆሜ አየሁት፤ ተመለስኩ። ዓርብም እንዲሁ። ዛሬ ዘንባባዬን በግንባሬ አስሬ ስመለስ ልጄ «አባዬ፣ አጎቴ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። ለካ እናትዋ ነግራታለች። ነገ ሕማማት ነው። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሰጡኝን ቀን ጨረስኩት።

ሐረጎ ኩርባ ለጠየቅሽኝም መልስ አለኝ። ለመተኛት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ያገኘሁት እሱን ነው።

እማማ ከሰኞ ገበያ
እሑድ ሚያዝያ 5፣ ከምሽቱ 3፡10

ይቅርታ የምታደርግልህ እኔ አይደለሁም፤ እኔን ምን አደረግከኝ? በሕማማት መሳም ነው የቀረ እንጂ ሐረጎ አልተዘጋም። ያች በለስ ሦስት ዓመት ፍሬ አጥታ ጌታዋ ቁረጣት ሲል አትክልተኛው ምን አለ? «በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት» አለ። ሦስት ዓመት ያልከው ካንተ አፍ ነው የወጣው፤ እኔ አልጨመርኩበትም። ሂድ፣ ሳትስመው ተቀመጥ።

ሸዋበር
ሰኞ ሚያዝያ 6፣ ከጠዋቱ 3፡25

አሰላሙ አለይኩም ጎረቤቶች። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ይህን ገጽ ሳነብ ከረምኩ እንጂ አልጻፍኩም። ዘንድሮ ጾማችሁና ረመዷን ተገናኝተው ነበር፤ ኢዳችን ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። እኛም ኢድ ላይ ያኮረፈውን ሳይጠይቅ የዋለ ሰው ከባድ ነው የሚሰማው፤ እናቴ ክርስቲያን ወንድሞች አሏት፣ እነሱንም ጭምር ነው የምንጠይቀው። ወሎ ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ወንድም የጦሳ ሥር፣ አይሱዙ ነው የምነዳው። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ዕቃ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ጋቢናው ባዶ ነው። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቆመህ ጠብቀኝ፤ በግል መልእክት ታርጋውን እልክልሃለሁ። ከመናኸሪያው ትመለሳለህ እንጂ ከእኔ ጋቢና አትመለስም፣ ኢንሻአላህ።

የጦሳ ሥር
ሐሙስ ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 4፡30

ሄጄ መጣሁ።

ሸዋበር ቀጠሮውን አከበረ። አላህ ይስጥህ፣ ብዙም አላወራኸኝም፣ ያም ጥሩ ነበር። ሐረጎን ስንወርድ አየሩ ሲሞቅ፣ ጋቢናው ውስጥ ጋቢዬን ሳወልቅ፣ ወንድሜ ይህን ዳገት ነው እንግዲህ ወደ ላይ የመጣው እያልኩ ነበር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ጥቂት ከፍ ትላለች። በመኪና ጆሮ የሚዘጋ ቁልቁለት ነው። እሱ ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ግቢው በር ክፍት ነበር። የወንድሜ ሚስት ጉልባን ታወጣ ነበር፤ ስንዴውና ባቄላው ሲተን አየሁ። እኔን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወንድሜ ከውስጥ ወጣ። ሸብቷል። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና «ሕማማት ነው» አለኝ። ስለ ሃይማኖቱ ይሁን ስለ ቂሙ አላወቅኩም። እዚያው ቆምኩ። ከዚያ «ተቀመጥ» አለ።

ተቀመጥን። ጉልባኑ መጣ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ በሙሉ ጠፋኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ጥያት ሄጃለሁ» አልኩት። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ የተናገረውን እንደተናገረው ልጻፈው፤ «እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ውሃ የማጠጣት እኔ ነኝ። ሌሊት ግን ስትባንን የምትጠራው አንተን ነበር። በየሌሊቱ። ያን ነው ያልቻልኩት።»

እማማ፣ ፊትህን አታዙር ብለውኝ ነበር። አላዞርኩም።

ከሰዓት በኋላ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጸሎተ ሐሙስ ስለሆነ ካህናቱ የምእመኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል እያጠቡ ነበር። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላው ተሰለፍን። ተረከዙ ተሰንጥቋል። ከእናታችን ጋር አንድ ዓይነት ተረከዝ ነው፤ እስከ ዛሬ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ሳንሳሳም ተለያየን። ለፋሲካ ና አልኩት። «እናያለን» አለኝ።

የደጋ ገብስ
ሐሙስ ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 5፡00

ዛሬ ኩታበር በኩል ዘንቦልናል። ሌላ የምለው የለኝም፤ እንኳን ወረድክ።

ሐረጎ ኩርባ
ሐሙስ ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 5፡20

ለመተኛት ብለህም ቢሆን የሄድከው፣ እዚያ ስትደርስ ስለ ራስህ አልተናገርክም። እኔ የፈራሁት አልሆነም። እኔ ገና ነኝ። ግን አንብቤዋለሁ።

እማማ ከሰኞ ገበያ
ዓርብ ሚያዝያ 10፣ ከጠዋቱ 12፡40

ዛሬ ስግደት ነው፤ ብዙ አላወራም። ሐረጎ ኩርባ፣ ሰኞ የፋሲካ ማግስት፣ ማዕዶት ነው። ከገበያው በታች ነው ቤቴ፤ የልጅ ልጄ አድራሻውን በግል ትልክልሻለች። ለማንም ይቅር በይ አልልሽም። ቡና አለ።

ዲያቆን ዘሐይቅ
እሑድ ሚያዝያ 12፣ ከሌሊቱ 10፡15

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን! አሰሮ ለሰይጣን፤ አግዐዞ ለአዳም!

ዘንድሮ የምዕራቡም የምሥራቁም ፋሲካ በአንድ ቀን ውሏል፤ እህታችን ኮምቦልቻ በር፣ ላንቺም እንኳን አደረሰሽ። ትናንት ቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጤማ ይዘው «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ሲያድሉ ስለዚህ ገጽ ሰዎች አሰብኩ። ያ ቄጤማ የጥፋት ውሃ መድረቁን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ የያዘችው ልምላሜ ምሳሌ ነው፤ ደሴ ላይ ከቦርከና ዳር የተለቀመ ሣር ብለን እንዳናልፈው።

የጦሳ ሥር
ማክሰኞ ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 3፡00

እንኳን አደረሳችሁ። ዛሬ ቶማስ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ መጻፍ ፈለግኩ።

እሑድ 5 ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ወንድም ጋሼ ከነባለቤቱ ነበር፤ በግ ይዞ። ከአርባዋ ወዲህ ያን በር አልረገጠም። አሁን መሳም ተፈቅዷልና ጉልበቱን ይዤ ሳላበቃ አነሣኝ። አንገቴ ላይ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ልጆቼ አጎታቸው ሲያለቅስ አይተው አያውቁም፤ ትንሿ ደነገጠች።

ከምሳ በኋላ እናታችን ትተኛበት የነበረው ክፍል ገብተን በሩን ዘጋን። እዚያ ነው ከባዱ የመጣው። መድኃኒቷ ሲያልቅ ከተማውን እየዞረ ፈልጎ ምንም እንዳላገኘ፣ እሷን ግን «ነገ ይመጣል» እያለ እንዳቆያት ነገረኝ። «እኔ ላይ ልጮህ ያልቻልኩትን አንተ ላይ ጮህኩ» አለኝ። በአርባዋ ቀን የመለስኩለትን ያን ቃል አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሱም ቃሉን በትክክል ያስታውሰው ነበር፤ ደገመልኝ። ሲደግመው ሰማሁት።

ሁሉም አልተፈታም፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ዛሬም ቢሆን መሄድህ ልክ አልነበረም ይላል። እኔም ሦስት ሕፃናት ይዤ ምን ላድርግ እላለሁ። ሰኞም ቁርስ ላይ ይህንኑ ተከራከርን፤ ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር። ግን ከአንድ ትሪ እየበላን ነው የተከራከርነው። ከዚያ መቃብሯ ሄደን ተሳልመን መጣን። መስቀሉ ቀለሙ ለቋል፤ ከሰኔ በፊት አብረን እናሳድሰዋለን ተባብለናል፣ ወጪውን እኩል።

ከሰዓት ሲነሣ እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ማታ 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ስሙን በዚያ ሁሉ ጊዜ አላጠፋሁትም ነበር። «ሐረጎ ላይ ጉም ነበር» አለኝ። «ደርሻለሁ።»